ቋቋ የሚጮኽበት ሦስት ቀን

አናጺው በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር አይወድም፤ ኮምፔንሳቶና ስብሰባ። "ሁለቱም ከላይ ሲያዩዋቸው አንድ ወጥ ይመስላሉ፤ ትንሽ ውሃ ሲነካቸው ግን ይላላጣሉ" ይላል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ፣ በሰፈሩ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ምስሎች ሁሉ በሐምራዊ ጨርቅ በተሸፈኑበት ቀን፣ የቁምስናው ምክር ቤት "ለአንድ አጀንዳ ትፈለጋለህ" ብሎ ሲጠራው ሚስቱ ሸሚዙን እየተኮሰች መከረችው።

"ሸሚዝህን እተኩስልሃለሁ። አፍህን ግን ራስህ ጠብቀው።"

"ምን አልኩ ገና?"

"ገና ስላላልክ ነው የምመክርህ።"

አጀንዳው ቋቋ ነበር።

ቋቋ ልጆቹ ያወጡለት ስም ነው። እጀታ ያለው፣ ከመዳፍ ሰፋ የሚል ጣውላ ሲሆን መሐሉ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚገለባበጥ የእንጨት መዶሻ ተሰክቶበታል። ሲነቀንቁት ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ከጸሎተ ሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ሌሊት በቤተ ክርስቲያኑ ደወል የሚባል ነገር አይነካም፤ ሐሙስ ቅዳሴ ላይ "ስብሐት ለእግዚአብሔር" ሲዘመር ትልቁም ትንሹም ደወል አንድ ላይ ይንጫጫና ከዚያ ጭጭ ነው። በነዚያ ቀናት ምእመኑን ለጸሎት የሚጠራው እንጨት ነው።

እንጨቱን ይዘው በየበሩ የሚዞሩት ደግሞ የአናጺው ተማሪዎች ናቸው። አናጺው ጰራቅሊጦስ ላይ ምሥጢረ ሜሮን የሚቀበሉ ወጣቶችን ማስተማር ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን የሚሰጠው በአዳራሽ ሳይሆን በራሱ ወርክሾፕ፣ ሰጋቱራ ላይ ተቁሞ ነው። ጾሙ ሲገባ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ እንጨት ይመርጣል። ከዚያ በየቅዳሜው ይላጋል፣ በመሮ ይበሳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ እጅ ሲሠራ ጆሮ ሥራ ይፈታልና እሱም በዚያ መሐል ስለ ጥምቀቱም ስለ ንስሐውም ያወራል። ኮላ ክልክል ነው። ምስማርም ክልክል ነው። ለምን ሲሉት "ስቅለት ላይ ምስማር በቅቶናል" ይላል፤ ይህችን ቀልድ ሃያ ስድስት ጊዜ ተናግሯታል፤ አንዴም የሳቀለት የለም።

የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ዳይሬክተሩ ናቸው። ከትምህርት ቤት ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም፣ ሰው ሲያዩ ዛሬም ጫማው መጠረጉን ለማረጋገጥ ከእግር ነው የሚጀምሩት። የአናጺውንም ጫማ አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዘመኑ ተለውጧል። ይኸው ድምፅ ማጉያ ከነሰዓት መቁጠሪያው ተሰጥቶናል። የልጆቹን ቋቋ ባለፈው ዓመት በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይጮኻል። አራት አፍ አለው፤ በአራቱም አቅጣጫ ይሰማል። ልጆቹም ከፀሐይና ከመኪና ይድናሉ።"

"ደረጃ ይወጣል?" አለ አናጺው።

"ማን?"

"ድምፅ ማጉያው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ በር ያንኳኳል ወይ ነው የምልህ።"

ለምን እንዲህ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ከድልድዩ ማዶ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ ያዋለዱ፣ እማማ አዋላጅ የሚባሉ ጡረተኛ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያለፈው ዓመት ስቅለት ጠዋት ልጆቹ ከሥር ሆነው ቋቋቸውን ሲያንኳኩ የእማማ አዋላጅ መስኮት አልተከፈተም። እማማ ደግሞ ለቋቋ መስኮት የማይከፍቱ ሰው አይደሉም። ልጆቹ ወጥተው ቢያዩ ወለል ላይ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነበሩ።

"ያ አጋጣሚ ነው" አሉ ዳይሬክተሩ።

"እኔም አጋጣሚ እንዲገጥማቸው ነው በእግር የማዞራቸው።"

ወጣቱ ቆሞስ ቁምስናውን ሊያስተዳድሩ ከመጡ ስድስት ወራቸው ነው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጠብ ሲነሣ ግን የመስኮት መጋረጃ የመመርመር ልማድ አላቸው። የዚያን ቀንም መጋረጃውን በደንብ አዩት። ከዚያ "እንግዲህ ምክር ቤቱ ይወስን" አሉ። እጅ ይውጣ ተባለ፤ ወጣ። አናጺው ቆጠራውን ሳይጠብቅ ባርኔጣውን አደረገ።

"እወጣለሁ" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

"ስብሰባው መቼ አለቀና ነው የምትወጣው?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ከስብሰባው አላልኩም። ስቅለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ መንገድ እወጣለሁ ነው ያልኩት።"

በማግስቱ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጠፈ። ቋቋ ይዞ መዞር ተከልክሏል፤ ይዞ የተገኘ ወጣት በዘንድሮው የሜሮን ተቀባዮች ዝርዝር አይገባም ይላል።

ቅዳሜ ልጆቹ ወርክሾፕ ሲመጡ አናጺው ሥራ አላስጀመራቸውም። አስራ አንዱም ቋቋ አልቋል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ዘይት መቀባት ብቻ ነው የቀረው።

"መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት" አላቸው። "ስቅለት የምወጣው እኔ ብቻዬን ነኝ። እናንተ ሜሮን አለባችሁ፤ ቤታችሁ ቆዩ።"

ማንም አልተነቃነቀም። ከመሐላቸው ረጅሟ፣ አናጺው ራሱ መሰላል ብሎ ስም ያወጣላት ልጅ፣ ቋቋዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆመች። መሰላል የዳይሬክተሩ የልጅ ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሜሮን ምን ያደርጋል ብለውን ነበር?"

"ብዙ ነገር ብያለሁ።"

"ያጠነክራል ብለዋል። እኔ በመሮ ስበሳ፣ አጠገቤ ቆመው።"

"እና?"

"እና ሳንቀበለው ነው እንድንፈራ የሚነግሩን?"

አናጺው ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አወጣ፤ አያትና መልሶ ሰካት።

"ምላስሽ ይሻክራል። እሱንም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። ያልኩትን አድርጉ።"

አንድ በአንድ አስቀምጠው ወጡ። ማታ ሚስቱ ፊቱን አይታ ጠየቀችው።

"እምቢ አሉህ?"

"ታዘዙ።"

"ታዲያ ምን አስከፋህ?"

"ታዘዙ አልኩሽ እኮ።"

ስቅለት ጠዋት ወርክሾፑን ሲከፍት መደርደሪያው ባዶ ነበር። አስራ አንድ ቋቋ የነበረበት ቦታ ላይ፣ በሰጋቱራው ብናኝ መሐል፣ አስራ አንድ ንጹሕ ምልክት ብቻ ቀርቷል። አናጺው ደሙ ፈላ። ቁልፉ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ባለው የአበባ ቆርቆሮ ሥር እንደሚቀመጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዳይሬክተሩም ያውቃሉ። "ወረሳቸው" አለ ለራሱ። "የልጆቹን ላብ ወረሰ።" የራሱን አሮጌ ቋቋ ከግድግዳ አወረደ። እጀታው በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያበራል።

ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው ጥግ ሲደርስ ልክ አንድ ሰዓት ሆነ። ክንዱን ሳያነሣ ግን ጣራው ላይ ያሉት አራት አፎች ቀደሙት። ቋ! ቋ! ቋ! ሺህ አናጺ ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል። ርግቦች ተነሡ፤ የቆመ መኪና አላርም አለቀሰ። ግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ሲያንቀጠቅጥ ቆየና ከዚያ ከሰማይ የመጣ የሚመስል ድምፅ በሰፈሩ ላይ ወረደ።

"ቀስ በል አንተ፣ እባብ እየገደልክ ነው እንዴ? በክንድህ አይደለም፣ በእጅህ አንጓ ነው። በእጅህ አንጓ!"

ተከትሎም ሁለት ማስነጠስ መጣ።

አናጺው የገዛ ድምፁን ወዲያው አላወቀውም። ያወቀው በማስነጠሱ ነው። ዳይሬክተሩ የቀዱትን እስከ መጨረሻው ሳይሰሙት ማሽኑ ላይ ጭነውት ኖሯል። ቀኑ ስቅለት ነውና ሳቅ ነውር ነው፤ በየመስኮቱ ብቅ ያለው ሰው አፉን በእጁ ይዞ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ማሽኑም እንደ ታዘዘው ከመጀመሪያው ጀመረ።

አናጺው ቋቋውን ብብቱ ሥር ሸሸገ። ሃያ ስድስት ዓመት በመንገድ ላይ ሲያንኳኳ አፍሮ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ራሱን እንደ እብድ ቆጠረው። ወደ ቤቱ ሊመለስም ዞሮ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከትልቁ ድምፅ ሥር ሌላ ትንሽ፣ እኩል ያልሆነ፣ አንዱ ሲቀድም አንዱ የሚዘገይ ድምፅ የሰማው። የመጣው ከድልድዩ በኩል ነው።

አስራ አንዱም ነበሩ። መሰላል ከፊት ናት።

"የት ነበራችሁ?" አለ አናጺው።

"እማማ አዋላጅ ጋ። እርስዎ ራስዎ ሁልጊዜ ከሩቁ በር ጀምሩ ብለውናል።" መሰላል ቋቋዋን ማንኳኳት አላቆመችም። "መስኮታቸው ክፍት ነው። ደህና ናቸው፤ 'ዘገያችሁ' ብለው ተቆጡን።"

"ቤት ቆዩ ብያችሁ ነበር።"

"አዎ። አልቆየንም።"

ዳይሬክተሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በር ብቅ ያሉት በዚህ ጊዜ ነው። የማሽኑን ማጥፊያ ሲፈልጉ ቆይተው ፊታቸው ቀልቷል፤ በአንድ እጃቸው ወረቀት፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዘዋል።

"ማን ፈቀደላችሁ? ማስታወቂያው አልተነበበም? የሁላችሁንም ስም እጽፋለሁ!"

"ጻፍ አባባ" አለች መሰላል። "ከእኔ ጀምር።"

"ያንቺን ስም አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው አያስቸግርህም።"

ከኋላዋ ያሉት ሳይባሉ ተሰለፉ። እያንዳንዱ ስሙን እስከ አያቱ ድረስ እየቆጠረ፣ ሳይቸኩል ተናገረ። "አይ፣ እንዲያ አይደለም የሚጻፈው" ብሎ ያሳረማቸውም አለ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ደረቀ። ዳይሬክተሩ አራገፉት፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሽከረከሩት፤ አልጽፍ አለ። አናጺው ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውጥቶ ሰጣቸው።

"ይቺ አትደርቅም።"

"ከሁሉ በፊት መጻፍ የነበረብኝ አንተን ነው።"

"አስራ ሁለተኛ አድርገኝ። አስራ ሦስተኛ ደግሞ ራስህን ጻፍ። ልጅ ሆነን ይህንኑ መንገድ አብረን ዞረናል። ሦስት በር ሳንሄድ ክንዴ ዛለ ብለህ ቋቋህን ያሸከምከኝ እዚሁ ጥግ ላይ ነው።"

"አራት በር ነው" አሉ ዳይሬክተሩ ቀና ሳይሉ፤ መጻፋቸውንም ቀጠሉ።

አስራ ሁለቱም ስም ተጽፎ ሲያልቅ ቆሞሱ ደረሱ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አስረከቧቸው። ቆሞሱ አነበቡት፤ እንደ ልማዳቸው መጋረጃ ፈለጉ። መንገድ ላይ ነበሩና መጋረጃ አልነበረም። ከላይ "እባብ እየገደልክ ነው እንዴ?" የሚለው ድምፅ ለስድስተኛ ጊዜ ወረደ።

"ይህን ከትንሣኤ በኋላ እንነጋገርበታለን" አሉ።

"እንነጋገራለን፣ አባ" አለ አናጺው። ባርኔጣውን አውልቆ ነበር፤ አንገቱን ግን አላቀረቀረም። "አሁኑኑ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔን ከማስተማር ያውጡኝ፤ ወርክሾፕ አለኝ፣ አልራብም። እነዚህን ልጆች ከዝርዝሩ ካወጧቸው ግን ጰራቅሊጦስ ዕለት ጳጳሱ ሜሮን ሊሰጡ ቀይ ልብሳቸውን ለብሰው ሲገቡ በር ላይ የማገኛቸው እኔ ነኝ። ከነቋቋዬ።"

"ጰራቅሊጦስ ላይ ደወል አለን።"

"እንጨትም አልተከለከለም።"

ቆሞሱ ወረቀቱን አጥፈው ጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ፤ ጥቂት ቆይቶ አራቱ አፎች በአንዴ ዝም አሉ። ሲመለሱ የተነቀለ የኤሌክትሪክ ገመድ በእጃቸው ነበር።

"ቀጣዩ ዙር ስንት ሰዓት ነው?"

"ዘጠኝ ሰዓት።"

"ምክር ቤቱ ክልከላውን አላነሣም እኮ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ አባ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጡ። ከሩቁ በር ጀመሩ፤ እማማ አዋላጅ በመስኮት ሆነው "አሁን በሰዓቱ መጣችሁ" አሉ። ድልድዩን ተሻግረው፣ ዳቦ ቤቱን አልፈው፣ በየበሩ ሦስት ሦስት ጊዜ እያንኳኩ ዳይሬክተሩ ቤት ደረሱ። በሩ ዝግ ነው፤ መጋረጃውም ተጋርዷል። መሰላል የገዛ ቤቷ በር ፊት ቆማ ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ከዚያ ሦስት ጊዜ። ከዚያ መቁጠሯን ተወችና ሙሉ ክንዷን ይዛ ገባችበት፤ ሌሎቹ አስሩም ተከተሏት።

አናጺው "ቀስ በይ፣ በእጅ አንጓ" ሊል አፉን ከፈተ። የሚስቱ ምክር ትዝ አለው መሰለኝ፤ መልሶ ዘጋው። የራሱን ቋቋ አነሣና እሱም በሙሉ ክንዱ ያንኳኳ ጀመር።

መጋረጃው ጥግ ላይ በትንሹ ተነቃነቀ። እነሱ ግን አላቆሙም።