ጠብታውን የዋጠው ኮቴ

የድምፅ ባለሙያው ስምንት ወር የለፋበት ሥራ ዛሬ ከምሳ በፊት ሊፈረድበት ነው። የሚሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ አንድ ሰው ጭጋግ በዋጠው ባዶ ግቢ ውስጥ ብቻውን እየተንከራተተ የተደበቀ የውኃ ጉድጓድ የሚፈልግበት ነው። መንገዱን የሚያገኘው በጆሮው፣ የጠብታውን ድምፅ ተከትሎ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን የሞከሩት ሁሉ መንገድ ጠፋባቸውና አለቃው ስክሪኑ ላይ መንገድ ጠቋሚ ቢጫ ቀስት አስገባ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠፋም፤ ማንም ግን ምንም አልሰማም። ሰዉ ዓይኑን ቀስቱ ላይ ተክሎ፣ ጭጋጉንም ግቢውንም ከመጤፍ ሳይቆጥር ያልፋል።

ዲዛይነሯ ያለ ቀስት አንድ ሙከራ ብቻ ብላ አለቃውን ለመነችው። እሺ አለ፤ ሰው ከጠፋ ግን ቀስቱ ይመለሳል፣ የጠብታው ድምፅም ከጨዋታው ይወጣል ብሎ ቁርጡን ነገራቸው።

ልትሞክር የመጣችው የዲዛይነሯ አክስት ናት፤ ልብስ ሰፊ፣ ጨዋታ በዕድሜዋ ነክታ የማታውቅ። ማዳመጫውን ስታጠልቅ፣ "እንግዲህ ከጠፋሁ ፈልጉኝ" ብላ አሳቀቻቸው።

የድምፅ ባለሙያው እንደ ልማዱ ስክሪኑን አላየም። የሚያየው የሰውን ትከሻ ነው፤ ሰው ከልቡ ሲሰማ ትከሻው ይረጋል ባይ ነው። የአክስትየዋ ግን አልረጋም። አንዱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ዞረችው። አለቃው ሰዓቱን አይቶ ከመቀመጫው ተነሣ። የዲዛይነሯ እጅ ቀስቱን ወደሚመልሰው ቁልፍ ተጠጋ። የድምፅ ባለሙያው በልቡ "አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ" አለ።

ይሄኔ የአክስትየዋ መነጽር ተንሸራተተና ልታስተካክለው እጇን ከመጫወቻው ቁልፍ አነሳች። ጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬም ቆመ። ትከሻዋ ረጋ። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች።

"ውኃ አለ እዚህ" አለች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ግን ፊቷን አጨማደደች። "ይሄ ሰውዬ ሲራመድ ጫማው አላሰማ አለኝ እኮ። ማነው እንዲህ ያለውን ያጠለቀለት?"

ያጠለቀለት ራሱ የድምፅ ባለሙያው ነበር። የጣውላ ሣጥን ውስጥ ጠጠር ሞልቶ፣ በገዛ ቆዳ ጫማው ሁለት ቀን ሲረግጥ ቀርጾታል። በጣም ስላማረለት ከሁሉ ድምፅ በላይ ከፍ አድርጎ አስገባው። ሳምንቱን ሙሉ ቀስቱን ሲያማ ሰንብቶ፣ ለካ ጠብታውን የዋጠው የራሱ ኮቴ ነው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "አሥር ደቂቃ ስጡኝ።"

"አሥር ብቻ፣ ጋሼ" አለ አለቃው፣ ተመልሶ እየተቀመጠ።

ኮቴውን ዝቅ አደረገው። ሰውዬው አሁን እርጥብ አፈር ላይ የሚሄድ ይመስላል። አክስትየዋ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አልቸኮለችም፣ አንዴ ተሳስታ ራሷ ተመለሰች፣ ደግሞ አዳመጠች። ጉድጓዱ አፋፍ ስትደርስ ከጠረጴዛው ሥር እግሮቿን ሰብሰብ አደረገች።

"እንዳልወድቅ" አለች በሹክሹክታ።

ማንም አልሳቀም። አለቃው እግሮቿን አየ፤ ከዚያ፣ "ቀስቱን ከጨዋታው አውጡት" ብሎ ተነሣ። ዲዛይነሯ ወዲያው ሰረዘችው። የድምፅ ባለሙያው ተመስገን አለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

አክስትየዋ ማዳመጫውን እያወለቀች፣ "ጫማውን ግን እንዳትጥሉት፣ ጠንካራ ጫማ ነው" አለች።