ከቁስል ወደ ቁስል

ለሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ሰው ለደምሌ ውጤት መናገር እንጀራው ነው፤ የዛሬውን ግን ምላሱ እንቢ አለው። ደጅ አግዳሚው ላይ የሚጠብቁት ቄስ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ከእስቴ ድረስ የመጡት ልጃቸውን የገደላት ነገር ከየት እንደመጣ ሊሰሙ ነው።

ልጃቸው ርብቃ እዚሁ ሆስፒታል ትርፍ አንጀቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር። ዳነች ሲባል ቁስሏ አመረቀዘ። የክፍሉ ሌሎች በሽተኞችም እንዲሁ ሆኑ። «ከማን እጅ ነው ያገኛት? ፈልጉልኝ» ብለው የለመኑት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ምነው አፋቸውን በያዘው። ደምሌ ከየቁስሉ፣ ከነርሶቹ እጅ፣ ከመቀሱ ናሙና ወሰደ። የአባን የእጅ መስቀልም አስፈቅዶ በጥጥ ጠረገ፤ ምንም አይገኝበትም ብሎ ነበር። የጀርሞቹን ዘር የሚለየው ማሽን ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ተላከ። ርብቃ መልሱ ሳይመጣ አረፈች።

አሁን መጣ። የነርሶቹ እጅም መቀሱም ነፃ ነው። የበሽተኞቹ ጀርም ግን ሁሉም አንድ ዘር ነው፤ በክፍሉ መጀመሪያ ቁስላቸው ካመረቀዘው ከአያ ጓዴ እግር የተነሣ። ያው ዘር መስቀሉ ላይ ተገኘ።

አባ ልጃቸውን ሲያስታምሙ በየጠዋቱ ፋሻ ሲፈታ ይደርሱ ነበር። በየአልጋው እየዞሩ ይጸልያሉ፣ መስቀላቸውንም ቁስሉ ላይ ያሳርፋሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ማን ደፍሮ ይከልክላቸው? ሐኪሙ ተሳልሞ ያሳልፋቸዋል፤ ደምሌም ተሳልሟል። «አባ፣ ከሩቅ ይባርኩ» የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ዝም ቢላቸው ደስ ባለው። ግን ነገ ሌላ ቁስል ይባርካሉ። ወጣና አጠገባቸው ተቀምጦ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። «ጥፋቱ የኛ ነው አባ፤ መከልከል ነበረብን» አለ።

አባ መሬት መሬት እያዩ ሰሙት።

«አያ ጓዴስ?»

«ድነው አገራቸው ወገዳ ገብተዋል።»

«ተመስገን።» ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ እኔ ርብቃን ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር የምባርካት። ካህን ሆኖ የራሱን ልጅ ያስቀድማል እንዳልባል ብዬ። ከእሷ ብጀምር ኖሮ ትተርፍልኝ ነበር?»

ደምሌ ይህን አያውቅም። «አይ አባ፣ ያው ነበር» አላቸው።

አባ ያመኑት መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።