እግር አልተገኘም

የምሠራው መኪና የሌለበት የመኪና ሥራ ነው። ክፍላችን ውስጥ ስምንት ኮምፒውተርና ስምንት ወንበር አለ፤ መስኮቱ አይከፈትም። ያለ ሾፌር የሚሄደው መኪና በየመንገዱ ሲዞር የሚቀርጸው ምስል ወደኛ ይመጣል። እኛም በእያንዳንዱ ምስል ላይ «ይህ ሰው ነው፣ ይህ ውሻ ነው፣ ይህ ዕቃ ነው» ብለን እንጽፋለን። መኪናው የሚማረው ከዚያ ነው። ሰው ካየ ይቆማል፤ ዕቃ ካየ ክላክስ ነፍቶ ታክኮት ያልፋል። ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ጥሩ ሥራ ነው አሉኝ። ፊደል አልገድፍም፣ ብዙ አልናገርም፤ ለዚህ ቦታ ሁለቱም ይፈለጋሉ።

ሰውን የምንመዘግበው በሁለት ነጥብ ነው። አንዱን አናቱ ላይ፣ ሌላውን እግሩ ላይ እናሳርፋለን። እግር ካልነካን ኮምፒውተሩ በቀይ «እግር አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል፤ አልመዘግብም ይላል። ስለዚህ እግር የሌለው ሰው ሲመጣ «ዕቃ» ብለን እናልፈዋለን። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔን ያስተማረችኝ ማስቲካ ከአፏ የማይለይ፣ ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ናት።

«ዕቃ በለውና እለፍ፣ ወንድሜ! ቁጭ ብለህ እግር ልታበቅልለት ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ ሳስበው አሁንም አፌን ይመረኛል።

አንድ ማክሰኞ ለእርማት የተመለሰ የድሮ ምስል ከፈትኩ። ቦታው የገበያው ማዞሪያ ነው። መሐል መንገድ ላይ አጎቴ አለ።

ያሳደገኝ እሱ ነው። ጫማ ሰፊ ነው፤ ሁለት እግሮቹን የድንጋይ ካባ ተንዶ በልቶበታል። ኩሽኔታ በተገጠመለት ጣውላ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእጆቹ እየገፋ ይሄዳል። በምስሉ ላይ የመስፊያ ክሩን በጥርሱ ነክሶ መንገድ ያቋርጣል። ዙሪያውን ሳጥን ተሠርቶበት «ዕቃ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የጻፈው ሠራተኛ ቁጥር አለ። የኔ ቁጥር ነው።

ፊቱን እንኳ አላየሁትም ነበር። የምፈልገው እግር ነበር።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ፈተግሁ፤ የዚያ ቃል ጠረን የለቀቀኝ አልመሰለኝም። ተመልሼ አናቱን ነካሁ፤ ሁለተኛውን ነጥብ ጣውላው መሬት በነካበት ላይ አሳረፍኩ። ኮምፒውተሩ ተቀበለ። ይህን ያህል ቀላል ነበር! ከዚያ በኋላ እንደሱ ያሉትን ሁሉ እየፈለግሁ ወደ ሰው መለስኳቸው።

ሐሙስ ዕለት አለቃችን ደረሰበት። ሁልጊዜ ስለሚያጣድፈን «ቶሎቶሎ» የሚል ስም አውጥተንለታል።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ ስክሪኑን እየጠቆመ።

«ሰው ነው።»

«እግሩስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ የሌለ እግር ትጽፍልኛለህ? ደግሞ ጠንቃቃ ነው ስል! ነገ እንግዶች መኪናውን ሊሞክሩ ይመጣሉ። ገበያው ዳር በየእርምጃው ከቆመ ማን ይፈልገዋል? ዛሬውኑ መልሰህ ዕቃ በላቸው፣ ማታ መኪናው ላይ ይጫናል።»

«ሰው ናቸው እኮ።»

«አይደሉም አልኩ እንዴ? ለኛማ ሰው ናቸው። ለመኪናው ነው እንጂ!»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ላቡ የሸሚዜን ጨርቅ አልፎ ቆዳዬን የነካው መሰለኝ።

«አልመልስም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

አለቃው አልተቆጣም። ሥራውን ለጎኔ ልጅ ሰጣት። ማስቲካዋን እያጮኸች ከምሳ በፊት ሁሉንም ዕቃ አደረገቻቸው። «አትቀየመኝ፤ ልጅ አለኝ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ዓርብ ጠዋት አጎቴን «ዛሬ አትውጣ» አልኩት።

«ለምን? ሹም ያልፋል?»

«ያ መኪና ያልፋል።»

«ሰው ሲያይ ይቆማል አላልከኝም? በል አታድርቀኝ፤ የሰው ጫማ ይዤ ባለቤቱ በባዶ እግሩ ይሂድ?»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ሐፍረት ዘጋኝ። ሥራዬን ትቼ ተከተልኩት።

ማዞሪያው ላይ ሲደርስ ነጩ መኪና መጣ። አለቃው ከፊት ተቀምጧል፤ ከኋላ ሦስት እንግዶች። መሪው ብቻውን ይዞራል። አጎቴ እንደልማዱ ክሩን በጥርሱ ነክሶ፣ ለሾፌሮች እንደሚያደርገው እጁን አንሥቶ ወደ መሐል ገባ። መኪናው ክላክሱን ነፋ እንጂ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ዘልዬ በመሐላቸው ቆምኩ።

ቆመ። ከጉልበቴ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ መብራቱን ብልጭ ብልጭ እያደረገ፣ እንደ ጨዋ ሰው ቆመ።

«አያችሁ?» አለ አለቃው ወደ ኋላ ዞሮ። «ሰው ሲያይ እንዴት እንደሚቆም አያችሁ?»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አጎቴም ደስ ብሎት እጁን አውለበለበላቸው።

«እውነትክን ነው ለካ፤ ሰው ያውቃል!» አለኝ።

«ላንተ አይደለም፣ ጋሼ። ለኔ ነው የቆመው።»

«እኔስ?»

«አንተ ዕቃ ተብለህ ነው የተጻፍከው።»

«ማነው የጻፈው?»

«መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ክሩን ከጥርሱ አወጣ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደዚያ ካለ ዓይን ፊት ከመቆም ካባው እኔን ቢበላኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ጣውላውን እየገፋ በጎኔ አለፈና ግንባሩ የመኪናውን አፍንጫ እስኪነካ ተጠጋ። የእንግዶቹ ጭብጨባ ቀዘቀዘ። አለቃው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ውሰድልን ባክህ!» አለኝ።

«ዞር በልልኝ» አለኝ አጎቴ፣ ወደኔ ሳይዞር። «አንተን ሳያይ ምን እንደሚያደርገኝ ልየው።»

ዞር አላልኩም።