የከዲሮ ማረጋገጫ

ጌትነት በአሰላ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ሸራ ወጥሮ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ከጎኑ ከዲሮ ነበር። ሸራውም አግዳሚውም የጋራ፣ ጠረጴዛው ብቻ የየግል። ከዲክሲስም ከኦጎልቾም የመጣ ባለጉዳይ እነሱን ሳያይ ችሎት አይገባም። ሁለቱም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የላቸውም፤ ሕጉን የለመዱት መዝገብ እየገለበጡ ነው። እኩል ነበሩ። ጌትነት ይህን እኩልነት ይወደው ነበር።

ከዲሮ በአርባ ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ቅዳሜና እሁድ፣ የሕግ ረዳትነትና ፍልስፍና።

«ፍልስፍናው ለምንህ ነው? በግ ለጠፋበት ሰው ልትፈላሰፍለት?» አለው ጌትነት።

«በጉ ያንተ መሆኑን እንዴት አወቅህ እለዋለሁ።»

«ምስክር ይዞ መጥቷላ!»

«ምስክሩስ እንዴት አወቀ?» ከዲሮ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «በየማመልከቻው ግርጌ ‹ከላይ የቀረበው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ› እያልን እናስፈርማለን። አንድ ቀን እንኳ እውነት ነው ወይ ብለን ጠይቀናል?»

«እኔ ጸሐፊ እንጂ የነፍስ አባት አይደለሁም።»

ሰው ግን መጠየቁን ወደደው፤ ወረፋው ወደ ከዲሮ ጠረጴዛ አዘነበለ። ከአቦምሳ የመጣች አንዲት ሴት ወንድሟን ልትከስ ተቀምጣ፣ ከዲሮ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቃት፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሱን ላናግረው» ብላ መርቃው ሄደች። አንድ መስመር ሳይጽፍ ተመረቀ! ጌትነት አንጀቱ አረረ። ዳኛው እንኳ ሲያልፉ «ተማሪው፣ እንዴት ይዞሃል?» ይሉታል፤ ለጌትነት አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

ከዲሮ ለሶላት ሲሄድ ጌትነት የትምህርት ወረቀቶቹን እየሰረቀ ያነብ ጀመር። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበበና ገባው። ይኼ ባሰበት። ባይገባው ኖሮ ይጽናና ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ከዲሮ አንድ ቅጽ አመጣ፤ አሥር ዓመት አብሮት የሠራ ሰው የሥራ ልምዱን አረጋግጦ የሚፈርምበት።

«ካንተ በላይ ማን ያውቀኛል?»

«ነገ» አለ ጌትነት።

ነገ ስድስት ሳምንት ሆነ። ዛሬ ቤት ረሳሁት፣ ዛሬ መነጽሬ የለም። ቅጹ ግን ቦርሳው ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። ከዲሮ አልጠረጠረም፤ ወዳጁን ይጠረጥራል እንዴ? ኅዳር ላይ እሁድ ሆዱን አመመው፣ ረቡዕ ቀበሩት።

በሰባተኛው ቀን ባለቤቱ ራቢያ ጌትነትን ከድንኳኑ ወደ ጓሮ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን ለቤተሰቡ እሰጣለሁ ብሏል። አንድ ማረጋገጫ ጎድሏል አሉ፤ ወረቀቱ ይምጣና ለምን እንደዘገየ ማመልከቻ ይጻፍ ነው የሚሉት። እንግዲህ የሚጽፍልኝ እሱ ነበር፤ አሁን እርስዎ ነዎት።»

በማግሥቱ ጌትነት ሸራው ሥር ብቻውን ተቀመጠ። ቅጹን አውጥቶ ፈረመበት። ማመልከቻው ቀላል ነበር፦ «ሟች በሕመም ምክንያት ማረጋገጫውን በወቅቱ ሳያቀርቡ በመቅረታቸው…» ማን ይጠይቀዋል? ሟች መልስ አይሰጥ። እጁ እንደልማዱ ሮጦ ግርጌው ላይ ደረሰ፦ «ከላይ የቀረበው እውነት መሆኑን…»

ብዕሩ ቆመ። አግዳሚው ላይ የከዲሮ ቦታ ባዶ ነበር።

ወረቀቱን ቀደደው። ሌላ ጻፈ። ራቢያ ስትመጣም ለማንኛውም ባለጉዳይ እንደሚያደርገው ከፊርማ በፊት ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ማረጋገጫው የዘገየው በሟች ጥፋት አይደለም። እኔ ስሜ ከታች የተጻፈው ጌትነት፣ ሟች በትምህርት ስለበለጠኝ ቀንቼ፣ ስድስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄዋለሁ።»

ራቢያ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ቤት ሲመጣ ‹ጌትነት ሥራ በዝቶበት ነው› ይለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ፈርም።»

እስከዚያ ቀን አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

‹ከላይ የቀረበው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ› የምትለዋን መስመር እስከ መጨረሻው ጻፋት። ፊርማውን ሲያኖር እንኳ ቅናቱ አልለቀቀውም ነበር፤ ከዲሮን በምንም አይደርስበትም። ፈረመና ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት።