ሮዝ የሆኑት ፍሬዎች

በልጇ ጠርሙስ ግርጌ ያሉት እርጥበት መጣጭ ፍሬዎች ጠዋት ሰማያዊ ነበሩ፤ ረሂማ ሱቋን ዘግታ ስትመለስ ሮዝ ሆነው ጠበቋት። እርጥበት ሲገባ እንደዚያ እንደሚሆኑ ኢክራም ራሷ ነግራት ነበር። ትዝ ያላት ግን አሁን ነው፣ ካለፈ በኋላ።

ጠዋት ወደ ሱቅ ከመውጣቷ በፊት ክዳኑን የከፈተችው ራሷ ረሂማ ናት። በደብረ ታቦር ጨርቅ ስትነግድ ፈትታ ያላየችውን ዕቃ በመኪና ልካ አታውቅም። ዘመኑ ደግሞ ክፉ ነው፤ ኬላ ላይ "ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?" ቢሏት ልጄ ምን ትመልሳለች ብላ ከፈተች፣ አሸተተች። ውስጡ ያለችው ጥፍር የምታክል ብልጭልጭ የክሪስታል ስባሪ ናት። መርፌ መልቀሚያ ማግኔቷን አስጠጋችባት፤ ንቅንቅ አላለችም። መልሳ ገጠመችው። በሩ ክፍት ነበር፤ ውጭ የሐምሌ ጉም።

ኢክራም ፊዚክስ ታጠናለች። ነገሩን በእናቷ ሥራ አስረድታት ነበር። "ክሪስታሉ እንደ ታጠፈ ከፋይ ጨርቅ ድርብርብ ነው። በየድርቡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች እንደ ከፋይ ጠጉር ወደ አንድ ወገን ይተኛሉ። ድርቡ ትንሽ ከተንሸራተተ የላይኛው ከታችኛው ጋር ይኳረፋል። ይሄም የሚሆነው በኃይለኛ ብርድ ነው።"

"ከጉና ተራራ ብርድ ይብሳል?"

"ጉና ከዚያ ጋር ሲተያይ ምድጃ ነው፣ እማዬ።"

አሁን ኢክራም ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው። ነገ ክሪስታሉን ለማስለካት አዲስ አበባ ትሄዳለች። ረሂማ ዝም ብትል፣ ልጇ ለተበላሸ ነገር ያን መንገድ ልትሄድ ነው። መንገዱ ላይ ሊደርስባት የሚችለውን ሁሉ እናቷ አስባ ጨርሳዋለች።

"ኢክራም፣ ጠርሙሱን ከፍቼው ነበር።"

ልጅቷ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሣችው። "ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነው። እንዳልሄድ ብለሽ ነው?"

"ወላሂ አይደለም! እንዳይዙሽ ብዬ ነው።"

"አሸተትሽው እንዴ?"

"አሸተትኩት።"

"ምን ምን ይላል?"

"ምንም።"

ኢክራም ሳቀች፤ ሳቋ ግን አያምርም። "እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል።"

"ሌላ የለም?"

"የለም።"

"እንግዲያው ቅሪ፣ ልጄ።"

"የላይኛው ድርብ ሄዷል። የታችኛው ተርፎ ይሆናል። አየር በሌለበት ሳጥን ውስጥ ተልጦ ካልታየ አይታወቅም፤ ሳጥኑ ያለው እዚያ ነው። ብቆይ የቀረውም ያልቃል። በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ።"

ፍሬዎቹን በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ አራግፋ ክዳኑን አጠበቀች። "ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቁ ይደርቃሉ።"

ረሂማ ከሰሉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ፍሬዎቹን አገላበጠች። አንድ በአንድ ሰማያዊ እየሆኑ መጡ፤ የክሪስታሉን ነገር ግን አልነገሯትም። ሲቀዘቅዙ ኢክራም ቶሎ መልሳ ከተተቻቸው።

ረሂማ ተነሥታ በሩን ቆለፈች። ሁልጊዜ ከትራሷ ሥር የምታደርገውን ቁልፍ ዛሬ ለማለዳ ተጓዧ በሩ ላይ ተወችው።