ንጹሕ ትርፍ

«እና ማንን እንዲገዙልን ነበር የፈለግከው? ጡረታ የወጣ በረኛ?» ግራሃም ቴትሎ የቢራ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲመታው ግማሹ ፈሰሰ። «ዕድሜያችንን ሙሉ ከወራጅ ቀጠና ጋር ስንተናነቅ ኖረን፣ ዛሬ ደህና አማካይ ሲመጣ አንተ ታኮርፋለህ!»

«በማን ገንዘብ መጣ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«በባለቤቱ ነዋ! በእኔ ጡረታ መሰለህ?»

«በልጄ ነው የመጣው፣ ግራሃም። በኤሊስ።»

ዴሪክ ሆልሮይድ ይህን ሲል ድምፁ ከፍ አላለም፤ ግን መጠጥ ቤቱ ውስጥ ምሳ ይበሉ የነበሩት ሰዎች ሹካቸውን ያዝ አደረጉ። ባንኮኒው ኋላ የቆመችው ሺላ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ የሚያሳየው አንድ ነገር ነበር፤ ቲያጎ ሳልዳንያ የሚባለው ወጣት ከግል አውሮፕላን ሲወርድ፣ ከሥሩም «ቶርንሾ ሮቨርስ በዘጠና ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረመው» የሚል ጽሑፍ ሲሮጥ። ከጽሑፉ ኋላ አጠር ያለች ሌላ ዜና ትከተላለች፤ ክለቡ ኤሊስ ሆልሮይድን ለአንድ የለንደን ክለብ ለመሸጥ እየተነጋገረ ነው የምትል።

«እሷን ዜና ነው የምትለው?» አለ ግራሃም። «ወሬ ናት። ጋዜጠኛ ታዲያ ምን ይብላ? ኤሊስን አይሸጡትም። የሰፈር ልጅ ነው።»

«ትናንት ጠርተው ነግረውታል።»

ሁለቱ ሰዎች ገና ጎረምሶች ሳሉ ጀምሮ በሰሜኑ ትሪቡን ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ የሚያዩ ናቸው። ግራሃም የምንጣፍ ፋብሪካው እስኪዘጋ እዚያ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ዴሪክ ዛሬም የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። የዴሪክ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀይሮ የገባ ቀን ከአባትየው ቀድሞ ያለቀሰው ግራሃም ነበር።

«እንዲያ ከሆነ…» አለ ግራሃም፤ «ለሱም ክፉ ላይሆን ይችላል። ለንደን ነው። ደመወዙም ቢሆን…»

«እሷን አትጨርሳት።»

«እንዴ፣ ምን አልኩ? ደግሞ አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ ባለፈው ጥር ስታዲየሙ በር ላይ የጮህከው? አንሶላው የማን ነበር?»

«የፖሊን» አለች ሺላ ከባንኮኒው። «እስከ ዛሬ ታማርራለች።»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቀ። ዴሪክ አልሳቀም። ነገሩ እውነት ነበር። በጥር ወር ሮቨርስ ሽንፈት በሽንፈት ሲሆን ደጋፊው ከዚህ መጠጥ ቤት ተነስቶ እስከ ስታዲየሙ በሰልፍ ሄዷል። ዴሪክ ከሚስቱ ከፖሊን አልጋ የገፈፈውን አንሶላ ጋራዡ ውስጥ ዘርግቶ በቀይ ቀለም «ገንዘብ አውጡ ወይ ውጡ» ብሎ ጻፈበት፤ ከፊትም ይዞት ወጣ። ክለቡን ከሆቴሎቹና ከመኪና ማቆሚያዎቹ ጋር ደርቦ የገዛው ሃሎራን የሚባለው ባለሀብት ያን ቀን አገር ውስጥ አልነበረም። ጩኸታቸውን የሚሰማ ሰው ያለም አልመሰለም።

«አውጡ አልክ፣ አወጡ» አለ ግራሃም። «አሁን ደግሞ ለምን አወጡ ትላለህ። አንተን የሚያስደስት ባለሀብት ገና አልተወለደም።»

«የራሳችሁን አውጡ ነው ያልኩት! ልጄን አውጡ አላልኩም!»

«ዴሪክ፣ የኔ ማር፣» አለች ሺላ፣ «ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ። ሰው እየበላ ነው።»

ወጣ። የቀረበለት ምሳ ሳይነካ እዚያው ቀረ።

ኤሊስ ማታ መጣ። ከከተማው ዳር የራሱን ቤት ገዝቷል፤ ሆኖም ሲከፋው የሚመጣው ወደ አባቱ ቤት ነው። የሚቀመጠውም ሶፋው ላይ ሳይሆን እንደ ልጅነቱ የደረጃው ሦስተኛ እርከን ላይ ነው። እናቱ ፖሊን የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

«የክለቡ ዳይሬክተር ምን አለህ? ቃል በቃል ንገረኝ» አለ ዴሪክ።

«ጨዋ ሰው ነው፣ አባዬ። ውሃ ቀዳልኝ። ከዚያ ‹ኤሊስ፣ አንተ ለኛ ንጹሕ ትርፍ ነህ› አለኝ። እያመሰገነኝ ነበር የመሰለው።»

«ምን ማለት ነው?»

ኤሊስ እንደተነገረው አድርጎ አስረዳ። ሊጉ ክለቦች ከሚያስገቡት በላይ እንዳያወጡ የሚገድብ ደንብ አለው። ሳልዳንያ ሲገዛ በሒሳቡ ላይ ትልቅ ጉድለት ተፈጠረ። ጉድለቱን ለመሙላት ሰው መሸጥ ያስፈልጋል። የተገዛ ተጫዋች ቢሸጥ ግን የተገዛበት ዋጋ ይቀነስበታል፤ የሚተርፈው ጥቂት ነው። «እኔ ደግሞ አልተገዛሁም» አለ። «ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ስለዚህ የምሸጥበት ገንዘብ እንዳለ ትርፍ ተብሎ ይጻፋል።»

«አልተገዛህም?» አለች ፖሊን። «ስንት ጫማ ነው እኔ የገዛሁልህ? በየአራት ወሩ እግርህ እያደገ! ያን ሁሉ ጭቃ ያጠብኩትስ በነጻ ተብሎ ተጻፈ?»

«እሱን አልጻፉትም፣ እማዬ።»

ዴሪክ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መዞር ነበረበት። «ቆይ። ከሌላ ቦታ ቢገዙህ ኖሮ ትቀር ነበር?»

«እቀር ነበር መሰለኝ።»

«የምትሄደው እዚህ ስለተወለድክ ነው ማለት ነው።»

«በሒሳቡ፣ አዎ።»

«መሄድ ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም» አለ ኤሊስ። ሲናገር አባቱን አላየም። «ውሌ ሦስት ዓመት ይቀረዋል፤ እምቢ ማለት እችላለሁ። ወኪሌ ግን ፈርም ይለኛል። እምቢ ካልኩ ልምምዴ ከታዳጊዎቹ ጋር ይሆናል፤ ጨዋታም አላገኝም።»

«ወኪልህ ከሽያጩ የሚቆርጣት አለችው። በል እምቢ በል። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

የስፖርት ዳይሬክተሩ ቢሮ ስታዲየሙ ውስጥ፣ ከክለቡ ሱቅ በላይ ነው። ጁልያን ፕራይስ ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

«ሚስተር ሆልሮይድ፣ እንኳን ደህና መጡ። ፊትዎ ለኔ አዲስ አይደለም።» ወደ ግድግዳው አመለከተ። በጥቁር ክፈፍ ውስጥ የጥር ወሩ ሰልፍ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከፊት አንሶላው፣ ከአንሶላው ኋላ አፉን የከፈተው ዴሪክ። «ሚስተር ሃሎራን ናቸው ያሰቀሉት። እዚህ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳዩታል። የደጋፊ ፍቅር ማለት ይሄ ነው ይላሉ። እንደሚያዩት ሰምተውዎታል።»

ዴሪክ ፎቶውን አየው። ጆሮው ቀላ። «ያን ጊዜ ከሰሙኝ አሁንም ይስሙኝ። ይሄ ልጅ አይሄድም።»

«ማንም አያስገድደውም። ውል ውል ነው። ብቻ ግን በአሰልጣኙ እቅድ ውስጥ የለም።»

«ባለፈው ወር ነበረ። አምበል ይሆናል ብለው በጋዜጣ ተናግረዋል።»

«ባለፈው ወር ሳልዳንያ አልነበረም።»

«እሺ፣ እኔን ያድምጡኝ» አለ ዴሪክ። ወንበር ቢቀርብለትም አልተቀመጠም። «ትኬት ጨመራችሁ፣ ዝም አልን። የድሮ ወንበራችንን ነቅላችሁ ቆዳ አለበሳችሁና ጨዋታው እየተካሄደ ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ወይን ለሚጠጡ ሰዎች ሸጣችሁ፣ ዝም አልን። ማሊያውን በዓመት ሦስት ጊዜ ለወጣችሁት፣ ገዛን። ዛሬ ጠዋት በማሠልጠኛው ሜዳ በኩል አለፍኩ። ሕፃናት ይሮጣሉ፤ ወላጆቻቸው ገመዱ ኋላ ዝናብ ላይ ቆመዋል። እኔም እዚያው ነበር የምቆመው። ለዚህ ማሊያ ነው የምናሳድጋቸው ብለው ነው የቆሙት! ለሽያጭ መሆኑን ማን ነገራቸው? ልጆች ናቸው ወይስ የምታደልቧቸው ጥጆች?»

«ደንቡን እኛ አላወጣነውም፣ ሚስተር ሆልሮይድ።»

«ደንቡ የወጣው ባለጠጋ እንዳይባልግ ነው። እናንተ ባለጠጋው እንዲባልግ የደሃ ልጅ መሸጫ አደረጋችሁት!»

ፕራይስ አልተቆጣም። ሰዎች በዚህ ክፍል ውስጥ ሲቆጡ ማየት ለምዷል። የውሃ ጠርሙሱን ክዳን ከፈተና ዘጋ። «የደጋፊው ስሜት ይገባኛል» አለ። «ግን ሐቁን እንናገር። ቅዳሜ ሳልዳንያ ሲጫወት ማን ነው ስለ ሒሳብ የሚያስበው?»

«አባዬ፣ በቃ» አለ ኤሊስ። «እንሂድ።»

ዳይሬክተሩ እስከ ዓርብ እንዲያስቡበት ነግሮ ሸኛቸው። ሲወርዱ መውጫው በሱቁ ውስጥ ነው። ጃኔት የምትባለው የድሮዋ ሻጭ መሰላል ላይ ቆማ የመስኮቱን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ታለብሳለች፤ ማሊያው አዲስ ነው፤ ጀርባው ላይ ስምንት ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ «ሳልዳንያ» ይላል። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ትልቅ ቅርጫት ተቀምጧል፤ ውስጡ ሌሎች ስምንት ቁጥር ማሊያዎች ተከምረዋል። «ሆልሮይድ» ይላሉ። ቅርጫቱ ላይ «በግማሽ ዋጋ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ጃኔት አየቻቸውና ከመሰላሉ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ኤሊስ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ አይደለሁም። ከላይ ነው የታዘዝኩት።»

«ግድ የለም፣ ጃኔት።»

ከቅርጫቱ አንዱን አነሳ። የሕፃን ልክ ነበር። አጣጥፎ መለሰውና ወደ መጣበት ደረጃ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለ ዴሪክ።

«ልፈርም።»

«እስከ ዓርብ ተባልን እኮ! ዛሬ ምን አጣደፈህ? ይሄ እኮ ነው የሚፈልጉት፤ ራስህ ሰልችተህ እንድትወጣላቸው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ደስ ታሰኛቸዋለህ? ሦስት ዓመት አለህ! ተቀመጥባቸው! ይክፈሉህ!»

«አባዬ፣» አለ ኤሊስ፣ «አንተ የምትከራከረው ለሮቨርስ ነው። እውነትህን ነው፣ አይደለም አላልኩም። እኔ ግን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ መጫወት ነው የምፈልገው። አንተ እንድታሸንፍ ብዬ ሦስት ዓመት እዚያ ቅርጫት ውስጥ ልቀመጥልህ?»

ልጁ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ጃኔት መሰላሉ ላይ ሆና የአሻንጉሊቱን እጅጌ መጎተት ቀጠለች።

ኤሊስ ለንደን የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ፖሊን ባቡር ጣቢያ ሸኘችው። ዴሪክ ፈረቃ ነበረበት፤ አውቶቡሱን በጣቢያው ፊት ሲያሳልፍ መብራት አስቆመውና በመስታወቱ ሲፈልጋቸው የሕዝቡ ብዛት አላሳየውም። ክለቡ በድረ ገጹ ላይ ሁለት መስመር የምስጋና ቃል ጻፈ። በዚያው ቀን ሚስተር ሃሎራን ከሳልዳንያ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሜዳው መሃል ፎቶ ተነሱ።

በሮቨርስ ሜዳ የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ዴሪክ አልሄድም ብሎ ማለ፤ ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ እግሩ የለመደውን መንገድ ይዞ ወሰደው። ግራሃም ቦታው ላይ ነበር።

«ያን ቀን ያናገረኝ ቢራው ነው» አለ ግራሃም።

«ግማሹን እኮ አፈሰስከው።»

«እሱማ ነው ያናደደኝ።» ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ አንዱን ሰጠው። «ኤሊስስ?»

«ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ዛሬ አያስገቡትም ብሎ ደውሎ ነበር።»

«ሞኞች ናቸው» አለ ግራሃም፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ ቡድኑ ወደ ሜዳ ገባና ከሌላው ሕዝብ ጋር አብሮ ተነሳ።

ዴሪክ ሊጠላው ነበር የመጣው። ልጁ ግን፣ ሳልዳንያ፣ በእርግጥ ይችልበታል። ኳስ ሲቀበል አይቸኩልም፤ ሁለት ሰዎች መሃል ገብቶ ማንም ሳይነካው ይወጣል፤ የሚያቀብለው ኳስ ልክ ከሯጩ እግር ፊት ይወርዳል። ዴሪክ ሳያስበው ወደ ፊት አጎነበሰ። ኳስ ማየት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዓይኑን መመለስ አይችልም። ከእረፍት በኋላ ልጁ ከሃያ አምስት ሜትር አካባቢ፣ በግራ እግሩ፣ ወደ ማዕዘኑ አክርሮ መታ።

ትሪቡኑ ተናወጠ። ዴሪክ ራሱን ቆሞ አገኘው። አፉ ተከፍቷል፤ ከጉሮሮው የወጣው ጩኸት የራሱ ነበር፤ እጁም ወደ ላይ ተነስቷል። በሩቅ፣ በክብር እንግዶቹ የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ ሚስተር ሃሎራን ብርጭቆ ከፍ አድርጎ ወደ ሕዝቡ ሲያወዛውዝ ይታያል። ሕዝቡም መልሶ እጁን እያወዛወዘለት ነበር።

ዴሪክ እጁን አወረደ።

ግራሃም በሌላው ጎኑ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው አንገቱን አንቆ እየሳመ፣ «አየህ? አየህ አይደል?» ይላል። ከኋላ ያሉት አዲሱን ስም በዜማ ጀምረውታል፤ ዜማው ረድፉን ተከትሎ እየወረደ መጣ። ዴሪክ ካፖርቱን ከወንበሩ አነሳ። «ይቅርታ» እያለ በቆሙት ሰዎች ጉልበት ፊት በጎን አለፈ፤ እነሱም ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ ሆዳቸውን እየሳቡ አሳለፉት። ደረጃውን ወርዶ ከስታዲየሙ ወጣ።