ከአምስት ተኩል በታች

«እኔ የምጫወተው በአራት ተኩል ነው። ካልተስማማሽ ሌላ ሃርሞኒየም ተጫዋች ፈልጊ» አለ ቬላዩዳም።

«አንተ ደግሞ ለእኔ ልትነግረኝ ነው? ድምፅ መለየት ያስተማረህ ማን ሆነና?»

«አንቺ ነሽ። ለዚህ እኮ ነው ጆሮ ያለኝ። ትናንት ስትለማመጂ ላይኛው ስንኝ ላይ ስትደርሺ፣ ጎረቤታችን ድመት የተረገጠች መስሎት ወጥቶ አየ።»

ሸንባገም አልሳቀችም። ከሴት አምላኳ ከማሪያማን ቤተ መቅደስ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት፣ የተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሐር ሳሪዋን እጥፋት ታስተካክላለች። ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሃርሞኒየሙን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«አምስት ተኩል» አለች። «እናታችን ማሪያማን የምታውቀኝ በእሱ ነው።»

አምስት ተኩል ዜማዋ የሚነሳበት ቁልፍ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ወርዳ አታውቅም። አባታቸው ከመንደር መንደር የሚዞር የቲያትር ቡድን ሃርሞኒየም ተጫዋች ነበር፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ማድራስ ወስዶ አንድ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ በር ላይ አቆማት። ሠላሳ አንድ ዘፈን ለፊልም ዘፈነች። ቆንጆዎቹ ተዋናዮች በእሷ ድምፅ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ሕዝቡም የእነሱን ስም ጠራ። በኋላ አዲስ ልጅ መጣች። በየጠዋቱ ከስቱዲዮ ይላክላት የነበረው መኪና አንድ ሰኞ ቀረ፤ ማክሰኞም አልመጣም። አንድ ወር ሙሉ ለብሳ፣ ፀጉሯ ላይ አበባ ሰክታ ጠበቀች።

ለማሪያማን የዘመረችውን ካሴት የቀዳችው ከዚያ ወዲህ ነው። የማሪያማን በዓል የሚከበርበት የአዲ ወር በገባ ቁጥር መንደሮች ሁሉ ይጠሯት ጀመር። ላይኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴት ትንቀጠቀጣለች፣ ፀጉሯ ይፈታል፤ ሰዉም እናታችን ወረደች ይላል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን በአንድም መንደር አልወረደችም።

«ዛሬም ካልወረደች ዳግመኛ መድረክ አልወጣም» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምያለሁ፣ ቬሉ። ስለዚህ በራሴ ድምፅ ልሞክራት።»

«የራስሽ ድምፅ እኮ አሁን ያለው ነው፣ እትዬ።»

የበዓሉ አስተባባሪ ማሪሙቱ አንገቱን በበሩ አስገባ። «እማማ፣ የዳጉሳው አጥሚት ሊያልቅ ነው። ይሄ ሕዝብ ከጠገበ ይተኛብናል፣ ቶሎ ይውጡልን።»

ጫማዋን ከመድረኩ ጀርባ አውልቃ ወጣች። ቬላዩዳም ወናፉን ሳበና አራት ተኩልን ያዘ። ዞር ብላ አየችው፤ እሱ ቁልፎቹን ያያል። በሕዝብ ፊት መጣላት አይቻልምና ጀመረች።

ጥሩ ዘመረች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ ከደረቷ ነበር የሚወጣው፤ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች በሳሪያቸው ጫፍ እያራገቡ ያዳምጣሉ።

«ይቺ ናት እንዴ? ካሴቱ ላይ ያለችው እኮ ሌላ ናት» አለች አንዷ።

«ልጇ ትሆናለቻ።»

«ልጇ እንዲህ ካረጀች እሷማ ሙዚየም ገብታለች።»

ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ሸንባገም ሰምታለች። ላይኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ከሕዝቡ ላይ አልነቀለችም። አንድ ሽማግሌ አዛጋ። አንዲት እናት ለልጇ ብርቱካን መላጧን ቀጠለች።

ከአራት መዝሙር በኋላ ለብ ያለ ውሃ ሰጧትና ለዕረፍት ተቀመጠች። የድምፅ ማጉያው ሠራተኛ በዕረፍት ጊዜ ዝም ማለት አይወድም፤ እንደ ልማዱ ካሴት ከተተ፤ የእሷኑ። ዘንባባው ላይ ከታሰረው ማጉያ የሠላሳ ስድስት ዓመቷ ሸንባገም ወጣች፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለች፣ በአምስት ተኩል።

ላይኛው ስንኝ ላይ፣ አጥሚት ስትቀዳ የነበረች ባለ ሽበት ሴት ጭልፋውን ጣለችው። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ፀጉሯ ተፈትቶ ፊቷን ሸፈነ።

«ወረደች፣ ወረደች» አሉ ከየአቅጣጫው። የኒም ቅጠልና የእርድ ውሃ ይዘው ሮጡ። እናታችን ከወረደች ደግሞ ሙዚቃ መቆም የለበትም። ከበሮ መቺው ዘሎ ተነሳ። የቬላዩዳም ጣቶችም በራሳቸው ጊዜ ወደ አምስት ተኩል ወጥተው ካሴቱን ማጀብ ጀመሩ። ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

ሴትዮዋ እጆቿን አጣምራ ወደ ዘንባባው ሰገደች። ሕዝቡም ከኋላዋ ሰገደ።

ሸንባገም ብርጭቆውን አስቀመጠች። በኋላ ደረጃ ወርዳ ጫማዋን አጠለቀችና የትምህርት ቤቱን ግቢ አቋርጣ አስፋልቱ ጋ ደረሰች። የቲሩኔልቬሊ አውቶብስ ሰው እየጫነ ነበር። በሴቶቹ በር ገባች።

ረዳቱ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ አለ። ጠጋ አለች፤ አውቶብሱም ሄደ።